ሦስት ተወካዮችና አንድ መጨባበጥ

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ኤርጋኖ፣ ለእናቴ ለወይዘሮ አበበች፣ ለታላቅ ወንድሜ ለማቴዎስና ለባለቤቱ ለታደለች፣ ለእህቴ ለማርታ፣ ለታናሽ ወንድሜ ለዮሐንስ፣ ለአጎቴ ለአቶ ሐንዳሞ፣ ለአክስቴ ለወይዘሮ ዳንቡሼ፣ እንዲሁም ስማችሁን ሳልጠራ ለቀረሁ ዘመዶቼና የጸሎት ቤት ወገኖቼ ሁሉ፤ እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል መጻፍ አቃተኝ። ደብዳቤው ይቆይ። የሆነውን በዚሁ ደብተር ለራሴ ልጻፍ።

አሥራ አንድ ሰዎች ሥራቸውን ሊያጡ ነው። አንዱ እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው።

በዴንቨር መሐል ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ አንሶላና ፎጣ እናጥባለን፤ እንተኩሳለን፤ እናጥፋለን። ባለፈው ሳምንት የልብስ ማጠቢያው ሊዘጋ መሆኑ ተሰማ። ሥራው ከከተማዋ ምዕራብ፣ ሌክውድ ወደሚገኝ ሌላ ድርጅት ይዛወራል ተባለ። እኛ ደግሞ የምንኖረው በምሥራቅ ነው፤ የሚበዙት በኦሮራ፣ እኔና ጋሽ ሰይድ በፓርክ ሂል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁን የሚያነጋግሩ ሦስት ተወካዮች ተመረጡ። ጋሽ ሰይድ የሁላችን ታላቅ በመሆናቸው ተመረጡ፤ ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ሮዛ በሜክሲኮዎቹ ሴቶች ስም ተመረጠች። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ በስደተኞች ጣቢያ ሳለሁ ለሰዎች ማመልከቻና ደብዳቤ እጽፍ ስለነበር፣ እንግሊዝኛም ከሌሎቹ ትንሽ ስለምሻል፣ ቃል አያጣም ብለው ነው።

ሦስት ጥያቄዎች ተሰጡኝ። አንደኛ፣ ከኦሮራ የሚያመላልስ መኪና ይመደብ። ሁለተኛ፣ የመግቢያው ሰዓት ከነጋ በኋላ ይሁን። ሦስተኛ፣ የአገልግሎት ዘመናችን እንደ አዲስ ሠራተኛ ከዜሮ አይጀመር። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ በደረት ኪሴ ያዝሁ።

ዛሬ ጠዋት ስብሰባው ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን፣ በጣም ፈጥኖ ተናገረ። ጋሽ ሰይድ መሐል ተቀምጠው፣ ሰው ሲናገር በአክብሮት እንደሚደመጠው፣ በየንግግሩ ማብቂያ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። እኔ እሳቸው እስኪጀምሩ ጠበቅሁ። በታላቅ ፊት ቀድሞ አፍ መክፈት አላደግሁበትም። ሰውየው ሲጨርስ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሰይድም ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ ጎንበስም አሉ። ሮዛ ጨበጠች። እኔም ጨበጥሁ። ወጣን። ወረቀቱ ከኪሴ አልወጣም።

ከቀትር በኋላ በግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሠራተኞቹ ተወካዮች ተነጋግረው ተስማምተዋል ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራው ሌክውድ ነው። መግቢያው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሁሉም እስከ ዐርብ የሥራ መውጫ ሰዓት ይፈርም፤ ያልፈረመ በፈቃዱ እንደ ለቀቀ ይቆጠራል።

በዚያ ሰዓት ከኦሮራ ተነሥቶ እዚያ የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። ከአሥራ አንዳችን መኪና ያላቸው ሁለት ናቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ጠዋት ስገባ ሁሉም ዝም አሉ። አንሶላ የሚያጥፉት ፊታቸውን ወደ አንሶላው መለሱ። አልማዝ ብቻ ዝም አላለችም። አልማዝ ከእኔ ጋር በመተኮሻው ትሠራለች፤ እሷ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን እናስገባለን። «ተወካያችን፣» አለችኝ፣ «እኛ የመረጥነው አንገት ነው እንዴ? ምላሱን ማን ወሰደው?» ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ አንገቴን አልነቀነቅሁም ብዬ ልመልስ አሰብሁ። ነገር ግን የነቀነቁት ማን እንደ ሆኑ መናገር ይሆንብኛል። ስለዚህ አንሶላውን ያዝሁ። «ሲሉት የሚሰማ፣ ሲጠይቁት የማይመልስ ተወካይ ከገበያ ተገዝቶ አይገኝም» አለች ደግሞ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋለች። አልፈርድባትም። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ መኪናም የላትም።

በዕረፍት ሰዓት የሥራ አስኪያጁን ጸሐፊ ጠየቅኋት። ማን ተስማማ አለ? አልኋት። «ሁላችሁም» አለችኝ። «ሽማግሌው በየነገሩ ራሱን እየነቀነቀ ነበር፤ በመጨረሻም ሦስታችሁም ጨበጣችሁት። እዚህ አገር ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

አሁን ለማንም ያልነገርሁትን ልጻፍ።

ሰውየው እጁን ሲዘረጋ ዝም ብሎ አልዘረጋም። «ተስማማን?» ብሎ ነው የዘረጋው። ጋሽ ሰይድ አልገባቸውም፤ የሚያውቁት እንግሊዝኛ ከሰላምታና ከሳሙና ስም አያልፍም። ሮዛም አልገባትም፤ እኔን ታይ ነበር። እኔ ግን ሰማሁ፤ ገባኝም። ቃሉን በሚገባ አውቀዋለሁ። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ሰጥተው ሳለ የእኔን ወደ ኋላ ብይዝ፣ ነገሩ ለሽማግሌው እንዳልገባቸው በሰው ፊት ይገለጣል አልሁ። ይህ ሁሉ በልቤ የተመላለሰው እሳቸው ጎንበስ ብለው ቀና እስኪሉ ድረስ ነው። ከዚያ ጨበጥሁ።

ስለዚህ ያልገባው ሰው አልተስማማም። የተስማማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከሥራ በኋላ በኮልፋክስ አውቶቡስ ወደ ኦሮራ፣ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ሄድሁ። ልቀርም ነበር፤ ነገር ግን ቤት ገብቼ ጋሽ ሰይድን ፊት ለፊት ከማየት ትምህርቱ ተሻለኝ። መምህርታችን ሊንዳ ለሐሙስ እያንዳንዳችን በክፍሉ ፊት ቆመን የምንናገርበትን ርእስ በዕጣ አወጣችልን። አብረውኝ ለሚማሩት ለቬትናሙ አዛውንት የባቡር ሐዲድ ደረሳቸው። ለእኔ የደረሰኝን ሳነብ ወረቀቱን መልሼ ልሰጣት ፈለግሁ። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ከአንዲት ቅኝ ግዛት ወደ ሕግ አውጪው ጉባኤ ስለ ተላኩ ተወካዮች ነው። ስንት ነበሩ? ብዬ ጠየቅኋት። ሦስት አለችኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ሮዛ ዛሬ ከእኔ ትሻል እንደ ነበር አወቅሁ። መነጋገሪያችን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ ቢሆንም ተግባባን። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥታ እንግሊዝኛውን በጣቷ እየተከተለች አነበበችና «ይህ ሰኞ የት ነበረ?» አለችኝ። ኪሴ ውስጥ አልኋት። አልሰደበችኝም። ክንዴን ይዛ ወደ ጸሐፊዋ ወሰደችኝ፤ ሌላ ስብሰባ ካልተሰጠን ከዚህ አንነሣም ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጸሐፊዋ ስልክ ደወለች፤ ዘጋች፤ እንደገና ደወለች። ዐርብ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ኃላፊ ይመጣሉ፤ አሥር ደቂቃ ይሰጣችኋል ተባልን። አሥር ደቂቃ። ሦስት ጥያቄና አንድ ኑዛዜ ይበቃዋልን?

እስካሁን ሁለት ሰዎች ፈርመዋል። መኪና ያላቸው ናቸው።

መምህርት ሊንዳ ከርእሱ ጋር ያዋሰችኝን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ አነበብሁ። የገባኝን እዚህ ላስፍር፣ ነገ እንዳይጠፋብኝ። ደሴቲቱ ዛሬ ሄይቲ የምትባለው ናት። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። ስኳር ታመርታለች፤ ስኳሩን የሚያመርቱት ከአፍሪካ በመርከብ የተጋዙ ባሮች ናቸው። በፈረንሳይ አብዮቱ ከተነሣ በኋላ በደሴቲቱ ባሮቹ ተነሡ፤ ነፃነታቸውም በዚያው ታወጀ። ነገር ግን አዋጁ በፓሪስ ካልጸና የሚቆይ አልነበረም። ስለዚህ ሦስት ተወካዮች ባሕር ተሻገሩ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ክልስ፣ አንዱ ጥቁር። ጥቁሩ በአፍሪካ የተወለደ ነው፤ በሕፃንነቱ ተሽጦ፣ በኋላ በጉልበቱ ሠርቶ ራሱን የገዛ። በአሜሪካ በኩል ሲያልፉ ከደሴቲቱ የሸሹ ነጮች አዋረዱት። ፓሪስ ሲደርሱም ባላንጣዎቻቸው ከሰሷቸውና ተወካዮቹ እስር ቤት ቀመሱ። ከዚያ በኋላ ነው ጉባኤው የተቀበላቸው። ሁሉም ተነሥተው አጨበጨቡላቸው፤ ሊቀ መንበሩም አቅፎ ሳማቸው። በማግሥቱ ነጩ ተወካይ ረጅም ንግግር አደረገ።

ጥቁሩስ? መጽሐፉ በዚያ ቀን ስለ እሱ ንግግር አንዳች አይልም። ይህን ገጽ አራት ጊዜ አነበብሁት።

ጋሽ ሰይድ ጾም ላይ ናቸው። በእንፋሎቱ መካከል ውሃ ሳይቀምሱ ውለው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ቴምር ቀመሱ፤ ሰገዱ፤ ከዚያ ሾርባቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ የምኖረው በእሳቸው ቤት፣ ከሥር ባለው ክፍል ነው። ወደዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ማንም ሳይኖረኝ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። «ደግሞ ይሄ ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ መጽሐፉን እያዩ። ተረክሁላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ባሕር ያቋረጡት ሦስት፣ የተናገረው አንድ?» አሉ። «ታዲያ ሁለቱን የመርከብ ዋጋ ምን አስወጣቸው?» ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ከጓዳ ሆነው «አንተስ ሰኞ ለምን ሄድክ?» አሏቸው። «እኔማ ሰውየው ሲጨርስ ተራ ይሰጠናል ብዬ ነው። ሲነሣ ጊዜ ሽንት ቤት ሊሄድ መሰለኝ። እጁን ሲዘረጋ ታዲያ ምን ላድርግ? የሰው እጅ አየር ላይ አይቀር።»

እትዬ ዘይነብ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ሾርባው ትኩስ እንደ ሆነ አስመስዬ ራሴን አቀረቀርሁ።

ማስታወቂያው ላይ «ተስማምተዋል» የተባለው በምን ምክንያት እንደ ሆነ እሳቸው እስካሁን አያውቁም። ፈረንጁ ዋሸ ብለው ያምናሉ። ዐርብ በዚያች ኃላፊ ፊት «ዋሽቷል» ብለው ቢናገሩ፣ እሱም «ሦስታችሁም ጨበጣችሁኝ» ብሎ ቢመልስ፣ ሽማግሌው ይዋረዳሉ፤ ጥያቄዎቻችንም አብረው ይወድቃሉ። ከዚያ በፊት መንገር አለብኝ። ዛሬ ግን አልቻልሁም።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ሌላ ሁለት ሰው ፈረመ። ሰባት ቀርተናል።

በክፍሉ ፊት ቆምሁ። ደሴቲቱን፣ ስኳሩን፣ ሦስቱን ሰዎች፣ እስሩን፣ መተቃቀፉን በቅደም ተከተል ተናገርሁ። ከነጩ ተወካይ ንግግር በኋላ ጉባኤው ያለ ክርክር፣ በአንድ ድምፅ፣ በቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ ባርነት ቀረ ብሎ ወሰነ አልሁ። በተመልካቾች መካከል ተቀምጣ የነበረች አንዲት አሮጊት ጥቁር ሴት ከደስታዋ የተነሣ ራሷን መሳቷን ተናገርሁ። ማንም አልሳቀም።

የቬትናሙ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ጥቁሩ ሰው ለምን አልተናገረም? አሉኝ። የማውቀው ነገር አልነበረም። ምናልባት ነጩ ታላቁ ኖሮ ይሆናል፤ በእኛ አገር ታላቅ ይቀድማል አልኋቸው። ሰውየው «በእኛም አገር» አሉና ተቀመጡ። መምህርት ሊንዳ ግን ሌላ መጽሐፍ አምጥታ አንድ ገጽ አሳየችኝ። በኋላ ዘመን፣ የእርሻ ባለቤቶቹ ወገን የሆነ የጉባኤው አባል ጥቁሮችን በጽሑፍ ባዋረደ ጊዜ፣ መልስ የሰጠው ያ ጥቁር ተወካይ ራሱ ነው። በሌላ ሰው አፍ አልተናገረም። በራሱ ስም ተናገረ፤ አሳተመም። ገጹን በቆምሁበት አነበብሁት፤ መምህርቷም እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

አለፍህ አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቤት ስገባ ጋሽ ሰይድ ሰግደው ጨርሰው ምንጣፉን እያጠፉ ነበር። ቆሜ ነገርኋቸው። ብቀመጥ የምቀጥል አልመሰለኝም። ሰኞ ዕለት ሰውየው እጁን ሲዘረጋ «ተስማማን?» ብሎ ነበር፤ እኔ ሰምቻለሁ አልኋቸው።

ምንጣፉን እንደ ያዙ ቀሩ። «እኔ ስጨብጠው ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

አውቅ ነበር አልሁ።

«ታዲያ እጅጌዬን አትስበኝም?»

በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው አልሁ።

«አሁን አላፈርኩም?» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። «አራት ቀን ሙሉ ውሸታም ነው ስል የዋልኩት ሰውየውን ነበር። በጾም አፌ።»

ምንጣፉን አጥፈው አስቀመጡ። እትዬ ዘይነብ ምግብ አቀረቡ። በላሁ ብዬ ዋሸሁና ወደ ክፍሌ ወረድሁ። ነገ ይመጡ ወይም ይቅሩ አላውቅም። እሳቸው ካልመጡ፣ ጨባጩ ሽማግሌ ሳይኖሩ መጨባበጡን አፈርሳለሁ ማለት ከንቱ ነው። አምላኬ ሆይ፣ ምን አድርጌ ነው ይህን ሁሉ በአንድ እጅ ያበላሸሁት?

ዐርብ፣ የካቲት 8

መጡ። በአውቶቡስ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር፤ ዞር ብለው አላዩኝም። በረዶ ስለ ነበረ መንገዱ ቀርፋፋ ነው፤ ሰዓቴን ከማየት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ከስብሰባው በር ላይ ግን አቆሙኝ። «ዛሬ አንተ ትቀድማለህ» አሉኝ። «እኔ ፈቅጃለሁ። ስለ እኔ ብለህ የምታስቀረው ነገር እንዳይኖር። የምትሸፋፍነኝ ከሆነ አሁኑኑ ልመለስ።» ሮዛ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ቀድመህ ተናገር አሉኝ ብዬ ነገርኋት። «አሁን ገና!» አለች።

ኃላፊዋ ነጭ ጸጉር ያላት ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ ክፋትም ደግነትም አይነበብም። ሥራ አስኪያጁ አጠገቧ ነበር። ተነሣሁ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። ሰኞ ዕለት ከሦስታችን ቃልህ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ አልሁት፤ ሁለቱ የጨበጡህ ለሰላምታ ነው፤ እኔ አውቄ ጨበጥሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ስምምነት የለም፣ የእኔን እጅ ከፈለግህ ለእኔ ብቻ ቁጠረው። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቼ ሦስቱን ጥያቄዎች አነበብሁ።

ኃላፊዋ ለምን በዚያ ቀን አልተናገርህም? አለችኝ። በአገራችን ታናሽ ከታላቅ አይቀድምም አልኋት። ዛሬስ? አለች። ዛሬ ተፈቅዶልኛል አልኋት። ወደ ጋሽ ሰይድ ተመለከተች። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጊዜ ተቆጣ፤ እዚህ አገር የሰው እጅ ቃሉ ነው፣ እኔ ያንን ይዤ ለሌክውድ ሰዎች ቃል ገብቻለሁ አለ። ጋሽ ሰይድ «ምን አለ?» አሉኝ። ሳላለሳልስ ተረጎምሁላቸው። «ንገረው» አሉኝ። «እጄ ሰላምታዬ ነው። ለዘበኛውም እሰጠዋለሁ። ቃሌን የሚፈልግ ከሆነ ግን ይጠይቀኝ፤ አፍ አለኝ፤ ይኼ ልጅም ይተረጉምልኛል።» አንዲትም ቃል ሳልጥል ተረጎምሁ። ስለ ዘበኛው የተባለውንም አልዘለልሁም። ኃላፊዋ ጻፈች።

ሮዛም ተናገረች። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ልጆቿን ለማን ትታ እንደምትወጣ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው።

አሥሩ ደቂቃ ሀያ አምስት ሆነ። ውሳኔው እንዲህ ነው። «ተስማምተዋል» የሚለው ማስታወቂያ ዛሬውኑ ይነሣል። የመፈረሚያው ቀን በአንድ ሳምንት ይራዘማል፤ የፈረሙትም ቢፈልጉ ማንሣት ይችላሉ። የአገልግሎት ዘመን ጉዳይ በጽሑፍ ይመለሳል። መኪናው ይታሰብበታል። ሰዓቱ አይለወጥም።

ይታሰብበታል። በዚህ ቃል ላይ ሰባት ቤተሰብ ተንጠልጥሏል።

ስንወጣ ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሰይድ ቀኝ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉለት። ክብሩን አልነፈጉትም፤ እጁን ግን አልያዙለትም። ከዚያ ጁምዓ እንዳያመልጣቸው ፈጥነው ሄዱ። እኔን ሥራ አስኪያጁ አስቀረኝ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባትህ በፊት ብቻህን ቢሮዬ ና አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ምድር ቤት ስወርድ ማስታወቂያው ከግድግዳው ተነሥቷል። አልማዝ የተለጠፈበትን ቦታ በጨርቅ ትጠርግ ነበር። «ምላስህን አገኘኸው?» አለችኝ። ይታሰብበታል ተብለናል አልኋት። «እሱማ እኔም ስንት ነገር አስባለሁ» አለች። አንሶላውን ግን ቀድማ አነሣችልኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ዛሬ ዕረፍት ነው፤ ዕረፍት ግን የለኝም።

መጽሐፉን ሰኞ ከሰዓት መመለስ ስላለብኝ የቀረችውን ገጽ አነበብሁ። ባላነበው ይሻለኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፈረንሳይ ሌላ ገዢ ተነሣ፤ ባርነትንም በቅኝ ግዛቶቹ መለሰ። ያ በራሱ ስም የተናገረው ጥቁር ተወካይ በፈረንሳይ ምሽግ ታስሮ ሞተ ይላል። በምን ክስ እንደ ሆነ መጽሐፉ አያብራራም። ደሴቲቱ ግን ወደ ባርነት አልተመለሰችም፤ በጦርነት ነፃ ወጣች። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መያዝ አልቻልሁም፤ የሰውየውን መጨረሻና የደሴቲቱን መጨረሻ። ቀኑን ሙሉ የሚታየኝ የሰውየው ነው።

ሰኞ የሚጠብቀኝ ምን ይሆን? ሊያሰናብተኝ ይሆን? ወይስ ለእኔ ብቻ የሚሻል ነገር አቅርቦ ከሌሎቹ ሊለየኝ? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስፈራኛል። ሮዛ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ ብላለች።

ጋሽ ሰይድ ዛሬ ጠዋት አነጋገሩኝ። «ጴጥሮስ፣ ደጁን ከበረዶው ጥረግልኝ» አሉኝ። ጠረግሁ። «ተባረክ» አሉኝ። ይኸው ነው። ስሜን ጠሩ፤ «ልጄ» አላሉኝም። ይህን ያህል ልዩነት አለው እንዴ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ውያለሁ። አለው። እትዬ ዘይነብ ታገሥ አሉኝ፤ ስንት ቀን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

አሁን ወደ ደብዳቤዬ ልመለስ። የማክሰኞውን መናዘዜን ጨምሮ እነዚህን ገጾች ቀድጄ ከሰላምታው ጋር እልካቸዋለሁ።

ወንድሜ ማቴዎስ ሆይ፣ ይህን ለአባታችን አንድም ሳታስቀር አንብብላቸው። እናታችን ካለቀሰች በሕይወት መኖሬን ንገራት። ከአባታችን የምፈልገው ገንዘብም ምርቃትም አይደለም፤ አንድ ምክር ነው። የበደልኋቸው ሽማግሌ የምኖርበት ቤት ባለቤት ናቸው፤ በየማታው አንድ ገበታ እንቀርባለን። በሌላ ቦታ ቢሆን ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። እዚህ የምልከው ሽማግሌ የለኝም፤ የማውቃቸው ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ናቸው። በገዛ ቤታቸው እግራቸው ላይ ልውደቅ? ወይስ መጀመሪያ ከቤታቸው ወጥቼ፣ ከውጭ መጥቼ በራቸውን ላንኳኳ? የኋለኛው ትክክል ከሆነ የት እንደማድር አላውቅም፤ ቢሆንም አደርገዋለሁ።

አባታችን የሚሉትን ቃል በቃል ጽፈህ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን፣ በመጀመሪያው ፖስታ መልስልኝ። እባክህ አታዘግይብኝ።